ቁልፉ ሁሉ አንተ ኪስ ከሆነ፦ በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ሰውም ራስንም ሳይጎዱ መምራት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ የሰንበት ትምህርት ቤት ሰብሳቢ ነበርሁ። የአዳራሹ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። የዕቃ ቤቱ እኔ ጋ። የድምፅ ማጉያው፣ የመዘምራን ልብስ ያለበት ቁም ሣጥን፣ ሁሉም እኔ ጋ። የደረሰኙ ጥራዝ እንኳ ቤቴ ነበር የሚያድረው። ሰው "እንዴት ያለ ትጉህ ልጅ ነው" ይለኛል፣ እኔም ደስ ይለኛል።

አንድ ቅዳሜ እናቴን ለማሳከም ባሕር ዳር ሄድሁ። የሁለት ቀን ነገር መስሎኝ 11 ቀን ቆየሁ። ስመለስ የሰማሁት ይሄ ነው፦ ልጆቹ ሁለት እሑድ በር ላይ ቆመው ቆመው ተመልሰዋል፣ በመካከሉም የአንዲት አባላችን አባት ዐርፈው መዘምራኑ ቀብሩ ላይ የተገኙት በየቤት ልብሳቸው ነው። አንዲት እናት አዩኝና "ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያኑን በኪስህ ይዘኸው ሄድህ እኮ" አሉኝ። ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ በኋላ ደብሩን የሚያስተዳድረው ሰበካ ጉባኤም ገባሁ፣ የሕንጻ ኮሚቴም ሞከርሁ፣ ብዙ ተሳሳትሁ። እዚህ የምጽፈው ከስሕተቱ የተረፈውን ነው። ሰበካ ጉባኤ ለተመረጠ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ለሚመራ፣ የጽዋ ማኅበር ሙሴ (መሪ) ለሆነ ሰው ይሆናል። "አንተ" እያልሁ እጽፋለሁ እንጂ አንቺንም ነው እህቴ፤ እንዲያውም ሥራውን ስትሠሩ የማየው ብዙ ጊዜ እናንተን ነው።

1. እሺ ከማለትህ በፊት

ምርጫ የሚደረገው ብዙ ጊዜ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲቸኩል ነው። አንዱ ስምህን ይጠራል፣ ሌላው "ይሁን ይሁን" ይላል፣ ይጨበጨባል፣ አለቀ። እምቢ ማለት ነውር ስለሚመስል እሺ ትላለህ። አትቸኩል። "ሳምንት ስጡኝ" ብትል ማንም አይቀየምህም።

በዚያ ሳምንት ሦስት ነገር አድርግ። መጀመሪያ ከንስሐ አባትህ ጋር ተነጋገር። ሁለተኛ ሚስትህን ጠይቅ። ማስታወቅ አይደለም ያልሁት፣ መጠየቅ ነው። ሦስተኛ ቃለ ዓዋዲን አንብብ። ሰበካ ጉባኤ ውስጥ ዓመታት ተቀምጦ ይህን መጽሐፍ ገልጦ የማያውቅ ሰው አውቃለሁ፤ አንዱ እኔ ነበርሁ።

ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም. የወጣ፣ በኋላም እየተሻሻለ የመጣ የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ነው። ያወጡት ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ናቸው፣ የደብረ ኤልያስ ልጅ፣ የእኛው አገር ሰው። ስሙ በግእዝ "የአዋጅ ነጋሪ ድምፅ" ማለት ነው። ሐሳቡ ሲጠቀለል፣ ደብሩ የአለቃው ብቻ አይደለም፣ የባለጠጋውም አይደለም፤ ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች አንድ ላይ ተቀምጠው ያስተዳድሩት ነው። አብሮ መምራትን ከውጭ አገር ሥልጠና የመጣ አድርጎ ለሚያይ ሰው ይህን መጽሐፍ አሳየው።

እሺ ካልህ በኋላ ደግሞ ያለ ርክክብ ወንበሩ ላይ አትቀመጥ። የነበረው ኮሚቴ ምን አስረከበ? ከበሮ ስንት፣ ጸናጽል ስንት፣ ምንጣፍ ስንት፣ ባንክ ያለው ስንት፣ ያልተከፈለ ዕዳ ስንት? በቆጠራ፣ በፊርማ። "እንተዋወቃለን፣ ምን ፊርማ ያስፈልጋል" የሚል ሰው አይጠፋም። እየተዋወቃችሁ እንድትዘልቁ ነው ፊርማው።

2. አርባ ቀን ጆሮ ሁን

አዲስ ሰብሳቢ ሲሾም የሚያደርገውን እናውቃለን። በሁለተኛው ሳምንት መዋቅር ይቀይራል፣ በሦስተኛው የነበረውን ኮሚቴ ያማል፣ በአራተኛው ማኅተም ያሠራል። ተው። እስከ አርባ ቀን ምንም አትቀይር። ከተሰበረ ነገር በቀር።

ሄደህ ሰው አነጋግር። እኔ የምመርጣቸው እነዚህን ነው፦ ቄሰ ገበዙን፣ መገበሪያ የሚያዘጋጁትን እማሆይ፣ ዘበኛውን፣ የኔታን፣ እና ከአገልግሎት የቀረ አንድ ወጣት። የመጨረሻው ዋና ነው። ስብሰባ ላይ የማትሰማውን እሱ ይነግርሃል። ጥያቄው ቀላል ይሁን። ምን እንዲቀጥል ትፈልጋለህ? ምን አስቀየመህ? እኔ ብሆን የት የምሳሳት ይመስልሃል?

አሁን አንድ የአገራችንን ጠባይ ልናገር። የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራና ጎንጅ ያሉበት አገር ነው፣ ቅኔው ከጉባኤ ቤት ወጥቶ ወደ ጠላ ቤቱም ወደ ስብሰባውም ገብቷል። ጎጃም ውስጥ ሰው "አስቀይመኸኛል" ብሎ ፊት ለፊት አይነግርህም፤ ሰሙን ይሰጥህና ወርቁን ፈልገህ እንድታገኝ ይተውሃል። አንድ አዛውንት ሰንበቴ ላይ "ዘንድሮ ደወሉ ድምፁ ጎላ አሉ፤ እኛ ሰፈር ግን አይደርስም" አሉኝ። እኔ ሞኙ ስለ ደወሉ አስረዳኋቸው። በወሩ ነው የገባኝ፤ ስብሰባ ስትጠሩ ለእኛ ሰፈር ሰው አትነግሩም ማለታቸው ነበር። ስለዚህ ሽማግሌ ስለ ዝናብ ወይም ስለ አጥር ካወራልህ፣ ቤትህ ስትገባ ደግመህ አስበው። ካልገባህ ደግሞ ተመልሰህ "አባቴ፣ ያን ዕለት የነገሩኝ አልገባኝም ነበር" በላቸው። ደስ ነው የሚላቸው።

3. ሥራውን ወረቀት ላይ አውርደው

የጽዋ ማኅበር መሪ "ሙሴ" ይባላል። ስሙን ወስደን አማቱን ዮቶርን ረስተናል። ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ተቀምጦ የሕዝቡን ነገር ብቻውን ሲዳኝ አማቱ አየውና፣ አንተም ትደክማለህ፣ ሕዝቡም ይደክማል፣ ብቻህን አትችለውም አለው። የሺህ፣ የመቶ፣ የኀምሳ፣ የአሥር አለቃ እንዲሾም መከረው። ልብ በል፣ "አንተም" ብቻ አላለም፤ ሕዝቡም ይደክማል አለ። የእኔ ልጆች በር ላይ ቆመው እንደደከሙት መሆኑ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ትልቅ ወረቀት ውሰድ። በወር ውስጥ የሚሠራውን ሁሉ ጻፍ፣ ትንሹንም፦ አዳራሽ መክፈት፣ መጥረግ፣ ስም መጥራት፣ የታመመ መጠየቅ፣ ለንግሥ ድንኳን መለመን፣ ከወረዳ ቤተ ክህነት ደብዳቤ ማምጣት። አጠገቡ የሚሠራውን ሰው ስም ጻፍ። እኔ 31 ሥራ ጻፍሁ፤ 22ቱ አጠገብ የእኔ ስም ነበር። አፍሬ ወረቀቱን አጠፍሁት።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ሥራ ሁለት ስም አግኝለት፣ አንድ ባለቤትና አንድ ምትክ። ሁሉንም በአንድ ቀን አታከፋፍል፤ በወር ሦስት አራቱን ልቀቅ። ሰው ስትመርጥ ዮቶር ያስቀመጠው መለኪያ ይበቃሃል፦ ዐዋቂ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ ሐቀኛ፣ የግፍን ረብ የሚጠላ። "ድምፁ ያማረ" እና "የአጎቴ ልጅ" ዝርዝሩ ውስጥ የሉም።

ሥራ ስትሰጥ "አደራ እንግዲህ" ብለህ ብቻ አትሂድ። ምን እንዲሠራ፣ እስከ መቼ፣ ስንት ብር ድረስ ሳያስፈቅድ ማውጣት እንደሚችል፣ ሲቸግረው ማንን እንደሚጠይቅ ንገረው። እነዚህን አራቱን ካልነገርኸው ኋላ "አላወቅሁም" ቢልህ ጥፋቱ ያንተ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መስጠቱ አይደለም፤ ሲሳሳት አለመንጠቁ ነው። አንድ ዓመት የንግሡን ጠበል ጸዲቅ መስተንግዶ ለአንዲት ወጣት ሰጠናት። እንግዳው ከታሰበው በለጠ፣ ቀኑ ገና ሳይጋመስ እንጀራ አለቀ። እኔ በሩቁ አየሁና እግሬ ተነሣ። ልሮጥ፣ ላዝዝ፣ "አላልኋችሁም?" ልል። አንድ አባት ክንዴን ያዙኝና "ተቀመጥ፤ አንተ ከሄድህ እሷ አትማርም" አሉኝ። ልጅቷ በአጥሩ ዙሪያ ያሉትን ቤቶች አንድ በአንድ ዞረች። ብዙም ሳይቆይ ከየቤቱ መሶብ መሶብ እንጀራ መጣ። በቀጣዩ ዓመት ያለ ማንም እርዳታ መራችው፤ ጎረቤቶቹንም አስቀድማ ነግራ ነበር። እኔ ሮጬ ቢሆን ይህን ዘዴ አላውቀውም ነበር፣ እሷም አታውቀውም።

4. ገንዘብ

እዚህ ላይ ረዘም ልል ነው፣ ምክንያቱም ሰው ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ሲርቅ ካየኋቸው ምክንያቶች ዋናው ይህ ነው። የሚርቀውም ሁልጊዜ ተሰርቆ አይደለም። በጥርጣሬ ነው።

አብሬው የሠራሁት አንድ ገንዘብ ያዥ ነበር። ሌባ አልነበረም፣ ይህን እመሰክርለታለሁ። ግን ሲቀበል ደረሰኝ አይቆርጥም፣ ሲያወጣ አይጽፍም፣ ሁሉን በልቡ ነው የሚይዘው። አንድ ቀን የሆነ ሰው "ያ የቆርቆሮው ብር የት ደረሰ?" አለ። ልቡ ውስጥ ያለውን ደብተር ማሳየት አልቻለም። ከዚያ ወዲህ ስሙን ተሸክሞ ኖረ፤ ልጆቹም ሰሙት። ደረሰኝ የሚያስፈልገው ለሌባው አይደለም፣ ለሐቀኛው ነው።

ሳሙኤል ሲያረጅ ሕዝቡን ሰብስቦ "የማንን በሬ ወሰድሁ? የማንንስ አህያ ወሰድሁ?" ብሎ ጠየቀ። በሬ ለሚያርስ አገር ይህ ጥያቄ አስተርጓሚ አይፈልግም። ቅዱስ ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተዋጣውን ብር ብቻውን አልያዘም፤ ከቲቶ ጋር በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጠ ሌላ ወንድም ጨመረ፣ ማንም እንዳይነቅፈን ብሎ። ጳውሎስ ምስክር ከፈለገ እኔና አንተ ማን ነን?

ወደ ተግባሩ ስገባ፤ ሙዳየ ምጽዋቱ ሦስት ቁልፍ ይኑረው፣ ሦስት የማይዛመዱ ሰዎች ይያዙት። አንዱ ካህን፣ አንዱ ምእመን፣ አንዱ ከወጣቶቹ ቢሆን መልካም ነው። ሦስቱ ካልተገኙ አይከፈት። ሲከፈት እዚያው ይቆጠር፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ይፈረም፣ በማግስቱ ባንክ ይግባ። ባንክ ላይ የሚፈርም ሰው ከሁለት ያላነሰ ይሁን። የሚቀበለው፣ የሚመዘግበውና የሚያጸድቀው አንድ ሰው ከሆነ ስሕተቱን የሚያይ ዓይን የለም። ወንድማማች ገንዘብ ያዥና ሒሳብ ሹም አይሁኑ። ባልና ሚስትም እንደዚያው።

የስለት ዕቃ ይረሳል። እኛ ዘንድ ሰው ብር ብቻ አይደለም የሚያመጣው፤ ጤፍ በቁና፣ በግ፣ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ጥላ፣ መጋረጃ ያመጣል። ለእነዚህ የተለየ መዝገብ ይኑር። በጉ ለጨረታ ከቀረበ በሰው ፊት ይጫረት፣ ዋጋው ጮክ ተብሎ ይነገር፣ ደረሰኙ እዚያው ይቆረጥ። "ኋላ እከፍላለሁ" ያለ ሰው ስሙ ይጻፍ፤ ሰብሳቢው ራሱ ቢሆንም።

የዘንድሮው ፈተና ደግሞ ቴሌብር ነው። በግል ስልክህ የቤተ ክርስቲያን ብር አትቀበል። "ላንተ ልላክልህና አንተ ታስገባዋለህ" ሲሉህ ቀላል ይመስላል። አትቀበል። በደብሩ ስም ያለውን የባንክ ቁጥር ላክላቸው።

ከዚያ ለሕዝቡ ንገር። በየሦስት ወሩ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቢበዛ ሦስት ደቂቃ። ለምሳሌ "ለዕቃ ቤቱ ቆርቆሮ 180,000 ብር ገባ፣ 142,300 ወጣ፣ 37,700 ባንክ አለ፤ ደረሰኙን ማየት የሚፈልግ ቢሮ ይምጣ" በል። ወረቀቱንም ግቢው ውስጥ ሰሌዳ ላይ ለጥፈው። አብዛኛው ሰው አያነበውም። መለጠፉን ግን ያያል።

5. ስብሰባ

አጭር ይሁን። ከአንድ ሰዓት ተኩል ያለፈ ስብሰባ ወደ ወግ ይቀየራል፤ ወጉን ጠበል ጸዲቅ ላይ አድርጉት። አጀንዳው አስቀድሞ ይነገር። ሰው አዝመራ ላይ ሳለ ትልቅ ውሳኔ አታምጣ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጤፍ ማሳ ላይ እያለ ገበሬውን የጠራህ እንደሆነ የሚመጣው ደሞዝተኛው ብቻ ነው፣ ውሳኔውም የደሞዝተኛ ውሳኔ ይሆናል። ከመለያየታችሁ በፊት ጸሐፊው የተወሰነውን ያንብብ፦ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ። ትንሹ አባል መጀመሪያ ይናገር፣ አንተ መጨረሻ። ሰብሳቢ ቀድሞ ከተናገረ በኋላ የሚሰጥ አስተያየት ምርቃት ነው።

6. ጠብ ሲመጣ

ይመጣል። ሐዋርያት ባሉበትም መጥቷል፤ በዕለቱ አገልግሎት መበለቶቻችን ችላ ተባሉ ብለው አንጎራጎሩ። ሐዋርያት "እንዴት እኛን ትጠረጥራላችሁ" አላሉም። ሰባት ሰው እንዲመረጥ አደረጉ። ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ አሠራርህን እይ፣ ቅሬታ አቅራቢውን ኋላ ታየዋለህ።

የሰውና የሰው ጠብ ከሆነ ማቴዎስ 18 ላይ ያለውን ቅደም ተከተል አትዝለል። መጀመሪያ አንተና እሱ ብቻ። ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ጨምር። ከዚያ ነው ለጉባኤው። እኛ የምናደርገው ግልብጡን ነው፤ መጀመሪያ ቴሌግራም ግሩፕ፣ ከዚያ ሰፈር፣ ባለቤቱ መጨረሻ ይሰማል። ማታ ተናድደህ የጻፍኸውን አትላክ፤ ጥዋት ደግመህ አንብበውና ያኔም ልላክ ካልህ፣ ደውልለት።

ከካህናት ጋር የሚነሣው አለመግባባት ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ድንበሩን እወቅ። የቅዳሴው ሥርዓትና ትምህርተ ሃይማኖቱ በእጅ ብልጫ የሚወሰን አይደለም፤ የአጥሩ፣ የሒሳቡ፣ የግንባታው ጉዳይ ግን የጋራ ነው። ደግሞ በቃለ ዓዋዲው የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው፣ ስለዚህ "እኛ ኮሚቴዎቹ እና እነሱ" የሚል ቋንቋ ከመነሻው የተሳሳተ ነው። የሚነገር ነገር ካለህ ብቻቸውን ሳሉ ሂድ። "አባ፣ ይፍቱኝ" በል፣ መስቀል ተሳለም፣ ከዚያ "አንድ ያየሁት ነገር አለ፤ ተሳስቼ እንደሆነ ያርሙኝ" ብለህ ነገሩን ሳትሸፍን ተናገር። ትሕትናው አነጋገርህ ላይ ይሁን፣ ነገሩን ግን አትቆርጥ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

7. ልጆች

ይህን በአጭሩ፣ ግን ሳላለሳልስ። ሕፃናት ባሉበት ክፍል ሁልጊዜ ሁለት ዐዋቂ ይኑር፣ በሩም ክፍት ይሁን። ልጅ ላይ ጥቃት ደረሰ የሚል ነገር ከሰማህ በሽማግሌ አይታረቅም፣ "የቤተ ክርስቲያን ስም እንዳይጠፋ" ተብሎ አይሸፈንም። ወንጀል ነው፤ ለፖሊስ ይነገራል፣ ለቤተሰብ ይነገራል፣ የተጠረጠረው ሰው ነገሩ እስኪጣራ ከልጆች ይርቃል። ተጠርጣሪው ማንም ይሁን ማን።

የአብነት ተማሪዎችንም አትርሳ። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ ይዞ ከሩቅ አገር የመጣ ልጅ ወላጁ አጠገቡ የለም። በወር አንድ ቀን ጎጆአቸውን ዙር። ውሃ አላቸው ወይ? የታመመ አለ? የሚመታቸው አለ? ሰበካ ጉባኤ ለግንብ ሲያዋጣ ለእነዚህ ልጆች ሳሙና የሚያዋጣ ሰው ካጣ፣ አጀንዳውን አንተ አምጣው።

8. አንተስ?

"እንደ ሻማ ቀለጠልን" ይላሉ ስለ ጥሩ አገልጋይ። ይህን ምስጋና አልወደውም። ሻማው ካለቀ በኋላ ክፍሉ ይጨልማል እኮ። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን፣ የሚመጣና የሚሄድ ሰው በዝቶ ለመብላት እንኳ ጊዜ ባጡ ጊዜ፣ ለብቻችሁ ኑና ጥቂት ዕረፉ ነው ያላቸው። ትንሽ ጨክኑ አላላቸውም።

በሳምንት አንድ ምሽት ስልክህን ዝጋ፣ ከቤተሰብህ ጋር ራት ብላ። ቅዳሴ ስታስቀድስ ወንበር ስታስተካክልና ሰው ስታስተናግድ አትዋል፤ ቢያንስ በወር ሁለት እሑድ እንደማንም ሰው ቆመህ ጸልይ። ሰብሳቢ ሆኜ ከአንድ ዓመት በላይ ሥጋ ወደሙን እንዳልተቀበልሁ የነገሩኝ የንስሐ አባቴ ናቸው። ግቢው ውስጥ በየቀኑ ነበርሁ፤ ከግቢው ውጭ ሆኜ እንደነበር ግን አላየሁትም። ከሥርህ የማይሠራ፣ የማይፈራህ፣ ፊት ለፊት "አበዛኸው" የሚልህ አንድ ሰው ይኑርህ። ሚስትህ "ዛሬም ስብሰባ?" ስትልህ ደግሞ፣ ጥያቄው የያዘውን ወርቅ አንተው ፍታው።

9. መውረድ

የሰበካ ጉባኤ ዘመን ሦስት ዓመት ነው። ስትገባ የምትወጣበትን ቀን አስብ። ተተኪ የሚዘጋጀው በመጨረሻው ወር አይደለም።

አባቶቻችን ይህን አሳምረው ያውቁበታል። የአብነት ትምህርት ቤት ሂድና እይ። የኔታ ሁሉንም ብቻቸውን አያስተምሩም፤ ከፍ ያለው ተማሪ ታናናሾቹን ያስቀጽላል፣ እያስቀጸለ እሱም ይጸናል። ቅኔውም በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀመራል እንጂ ማንም በመጀመሪያ ቀኑ ረጅሙን ቅኔ አይቀኝም። ተተኪህንም እንደዚያ አድርገው። መጀመሪያ አጠገብህ ተቀምጦ ይይ። ከዚያ አብራችሁ ሥሩ። ከዚያ እሱ ይምራ፣ አንተ ተቀመጥ። ከዚያ አንተ ቅር።

ስታስረክብ ሒሳቡን፣ መዝገቡን፣ ማኅተሙን፣ የባንክ ፊርማውን፣ የጅምር ሥራውን ዝርዝር፣ ቃል የተገባላቸውን ሰዎች ስም ሁሉ አስረክብ። የቴሌግራም ግሩፑንም ባለቤትነት። ከዚያ ስድስት ወር ያህል ሳትጠራ አስተያየት አትስጥ። ይህ ከሁሉ ደረጃ በላይ ከብዶኛል፤ አዲሱ ሰብሳቢ ወንበሮቹን በግራ በኩል ሲደረድር እያየሁ ምላሴን ነክሼ ዝም ብያለሁ። ለምን በግራ? እስካሁን አልገባኝም።

ከወረድሁ ስምንት ወር ያህል ቆይቶ ክረምት ገባና የከረመ ጃኬቴን አወጣሁ። ኪሱ ውስጥ አንድ የተረሳ ቁልፍ፣ የዕቃ ቤቱ። ደንግጬ ይዤው ሮጥሁ። ያቺ የእንጀራዋ ልጅ ናት አሁን ዕቃ ቤቱን የምትይዘው። ቁልፉን ገልበጥ አድርጋ አየችው፣ ሳቀችና "ጋሼ፣ እኛ እኮ ጓጉንቸሩን ከቀየርን ቆየን" አለችኝ።